በ14 ሺህ ብር ለእናቴ የገዛሁት ስልክ

እናቴ የምትኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ታናሽ እህቴ ቤይሩት በሰው ቤት ተቀጥራ መሥራት ከጀመረች ስድስት ዓመት አልፏታል። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ኢሞ የሚባለው የቪዲዮ ጥሪ መተግበሪያ ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ እህቴ የምታርፍባትን ሰዓት ጠብቃ ትደውላለች፤ እናቴም ቡናዋን አቅርባ፣ ስልኩን ከስኳር ዕቃው ላይ አስደግፋ ትጠብቃታለች። ስለ ስልክ አመራረጥ ስጽፍ በሐሳቤ ያለው ይህች የአንድ ሰዓት ጥሪ ናት።

በ2014 ዓ.ም ጥቅምት ላይ ለዚህች ጥሪ ብዬ የገዛሁላት ስልክ መጥፎ ስልክ ነበር። ካርቶኑ ላይ «13 ሜጋፒክስል» የሚል ትልቅ ጽሑፍ ነበረበት፤ ስክሪኑ ሰፊ ነው፤ ዋጋው ከጎኑ ከተደረደሩት ሁሉ ያንሳል። ስልኩ በእጁ ያለውን ሥራ የሚይዝበት ራም 1 ጊጋባይት፣ ፎቶውና ሌላው ሁሉ የሚቀመጥበት ማከማቻ 16 ጊጋባይት መሆኑን አንብቤአለሁ። አንብቤም «ለእናት ይበቃል» ብዬ ገዛሁት። ዛሬ ይህን ቃል ከሰው አፍ ስሰማ ያመኛል። ወጣት ስልኩ ሲንቀራፈፍበት ምን እንደሆነ ያውቃል፣ የማያስፈልገውን ያጠፋል፣ ከጓደኛው ይጠይቃል። እናቴ ግን ስልኩ የሚያደርገውን ሁሉ ሰው ያደረገው ይመስላታል።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ደኅና ነበሩ። ክረምቱ ሲገባ ኢሞ በጥሪ መካከል እየተዘጋ ያስቸግር ጀመር። ማከማቻው መሙላቱን የሚገልጽ መልእክት በእንግሊዝኛ ብቅ ይላል፤ እናቴ እንግሊዝኛ አታነብም። ለቡሄ ስሄድ ሙልሙሉን እየቆረሰች «ልጄ ምን እንዳስቀየምኳት አላውቅም፤ እያወራሁ ትዘጋብኛለች» አለችኝ። ለእህቴ ደውዬ ስጠይቃት እሷ ደግሞ እማዬ የሰለቸቻት መስሏት ጥሪውን አሳጥራለች። በሁለት ሰዎች መካከል ቅሬታ የፈጠሩት ያነሰው ራምና የሞላው ማከማቻ ነበሩ። ከ16ቱ ጊጋባይት ግማሽ ያህሉን ስልኩ ራሱ ከነመተግበሪያዎቹ ይዞታል፤ የቀረውን ከቴሌግራምና ከኢሞ የሚወርዱ የእንኳን አደረሳችሁ ምስሎችና የስብከት ቪዲዮዎች ሞልተውታል። ጠርጌላት ተመለስኩ። በሁለት ሳምንት ተመልሶ ሞላ።

እንደዚያ እየጠረግን ሁለት ዓመት ቆየን። ከዚያ በ2017 ዓ.ም መስከረም ቤይሩት በአውሮፕላን ድብደባ ተናወጠች። እህቴ የምትሠራበት ቤተሰብ ወደ ተራራማው አካባቢ ሲሸሽ እሷንም ይዟት ሄደ። እናቴ በዚያ ሳምንት ደጋግማ ብትሞክር ኢሞ ገና ሳይከፈት ይዘጋል። የልጇን ድምፅ የሰማችው ጎረቤት ሄዳ፣ በሰው ስልክ ነው። ይህን የነገረችኝ ሳትወቅሰኝ ነበር፤ እኔ ግን በዚያው ቀን አዲስ ስልክ ለመግዛት ወሰንኩ።

ጊዜው ለገዢ የሚመች አልነበረም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ስልክ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ከውጭ ቢመጣም፣ ክፍሉ መጥቶ እዚህ ቢገጣጠምም ዋጋው ከዶላር አይለይም። በእጄ የነበረው 14 ሺህ ብር ነው፤ 10 ሺሁ ከትምህርት ቤታችን መምህራን እቁብ የደረሰኝ፣ 4 ሺሁ ደግሞ ክረምቱን ተማሪዎች በማስጠናት ያጠራቀምኩት። ከዚያ በላይ አንድ ብር መጨመር አልችልም። በዚህ ገንዘብ ሁለተኛ ስህተት ከሠራሁ የሚቀጥለው እቁብ እስኪደርሰኝ ሃያ ወር እጠብቃለሁ።

ስለዚህ ገበያ ከመውጣቴ በፊት ኮልፌ ከትምህርት ቤታችን አጥር ሥር ወደሚሠራ ስልክ ጠጋኝ ሄድኩ። ይህን ለማንም ሰው እመክራለሁ። ሻጭ የሚያውቀው አዲሱን ስልክ ነው፤ ጠጋኝ ግን ስልክ ከዓመት በኋላ ምን እንደሚሆን ያያል። መሳቢያውን ከፍቶ የተሰበሩ ስክሪኖች አሳየኝና «መምህር፣ ስክሪኑ መርካቶ በአንድ ቀን የማይገኝ ስልክ ገዝተህ እንዳትመጣ» አለኝ። የቴክኖ፣ የአይቴል፣ የኢንፊኒክስና የሳምሰንግ ኤ ተከታታይ ስልኮች መለዋወጫ በቀላሉ እንደሚያገኝ ነገረኝ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ የአንድ ኩባንያ፣ የትራንሽን ምርቶች ናቸው፤ ቴክኖ እዚሁ አገራችን ውስጥ ሲገጣጠም ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ስሙ ያልተሰማ፣ በመልኩ የሚያምር ስልክ ግን አንዴ ከወደቀ ስክሪን ይታጣለትና ይጣላል።

ራምና ማከማቻን ለእናቴ ያስረዳሁበትን መንገድ እዚህ ልጻፈው፤ እኔንም የረዳኝ እሱ ነው። ማከማቻ ጎተራ ነው፤ የዓመቱ እህል የሚቀመጥበት። ራም መሶብ ነው፤ አሁን የሚበላው ብቻ የሚቀርብበት። ጎተራው ምንም ቢሞላ መሶቡ የሁለት ሰው ከሆነ አራት እንግዳ ሲመጣ አንዱ ሳይበላ ይነሣል። ኢሞ በጥሪ መካከል የሚዘጋው እንደዚያ ነው፤ መሶቡ ላይ ቦታ ስለጠፋ ስልኩ አንዱን እንግዳ ያስነሣል። ጎተራው ጢም ሲል ደግሞ አዲስ የሚገባ ነገር ሁሉ ደጅ ይቀራል፤ መተግበሪያዎች ራሳቸውን ማደስ ያቅታቸዋል። ስለዚህ ለራሴ ያወጣሁት ገደብ ራም ከ4 ጊጋባይት፣ ማከማቻ ከ64 ጊጋባይት እንዳያንስ ነው። ባለ 2 ጊጋባይት ራም ስልክ ዛሬም ይሸጣል፤ ጉግል ለእንደዚህ ያሉ ስልኮች ያዘጋጀው ቀለል ያለ የአንድሮይድ ዓይነትም አለ፤ ለመደወልና ለቴሌብር ብቻ ከሆነ ያገለግላል። ለቪዲዮ ጥሪ ግን አልመርጠውም።

በዚህ ላይ የዘንድሮ ካርቶኖች አንድ የሚያሳስት ልማድ አላቸው። «8 ጊጋባይት ራም» ይልና ከሥሩ በደቃቁ 4 ሲደመር 4 ተብሎ ይጻፋል። ሁለተኛው 4 ከማከማቻው ተቆርሶ ራም እንዲባል የተደረገ ነው። የጎተራውን ጥግ መሶብ ብሎ እንደ መጥራት ነው፤ ማከማቻ ከራም በእጅጉ ስለሚዘገይ እውነተኛውን 8 ጊጋባይት አይተካም። መገናኛ የገባሁበት የመጀመሪያው ሱቅ ወጣቱ ሻጭ በልበ ሙሉነት «8 ጊጋ ነው ወንድሜ» ሲለኝ፣ ስልኩን ተቀብዬ ቅንብሩ ውስጥ ገብቼ አሳየሁት። ልጁ ሊዋሸኝ አልፈለገም፤ እሱም ካርቶኑን ነበር ያነበበው።

የስልኩን ሥራ ሁሉ የሚያሠራውን ፕሮሰሰር በተመለከተ ሁሉም «ስምንት ኮር» ነው ይላሉ፤ ስምንት ሠራተኛ አለው እንደ ማለት ነው፤ እውነትም ስምንት ነው። ግን ስምንት ሕፃናት ተረባርበው አንድ ኩንታል ጤፍ አያነሡም፤ ሁለት ጎልማሶች ያነሡታል። በዚህ የዋጋ ደረጃ ዩኒሶክ ቲ606 እና ሚዲያቴክ ሄሊዮ ጂ85 ከስምንቱ ሁለቱ ጠንካራ የሆኑባቸው ፕሮሰሰሮች ናቸው። ሄሊዮ ጂ36 እና ዩኒሶክ ኤስሲ9863ኤ ስምንቱም ደካማ ናቸው። ሁለት ስልኮች ጎን ለጎን ተቀምጠው በዋጋ በጥቂት መቶ ብር ሲለያዩ ልዩነቱ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው፤ ያቺ ጥቂት መቶ ብር ትከፈል እላለሁ። ስለ ሜጋፒክስል ግን አንድም ብር ጨምሬ አልከፍልም። በርካሽ ስልክ ላይ ከዋናው ካሜራ አጠገብ የሚደረደሩት ባለ 2 ሜጋፒክስል ካሜራዎች ለቁጥር ያህል የተቀመጡ ናቸው፤ ለእናቴ ጥሪ የሚያስፈልገው የፊት ካሜራው በመብራት ሥር ፊት መለየት መቻሉ ነው።

ያገለገለ ስልክ ልግዛ ወይ ብዬ አንድ ሙሉ ቅዳሜ አሳልፌአለሁ። በ12 ሺህ ብር በጊዜው ከሳምሰንግ ከፍተኛ ስልኮች አንዱ የነበረ፣ በአውሮፓውያን 2018 የወጣ ጋላክሲ ኤስ9 ቀረበልኝ። ስክሪኑ ከማንኛውም አዲስ ርካሽ ስልክ ይበልጥ ያምራል፤ ልቤ ወዶታል። ሻጩን «ወደ ፋብሪካ ይዞታው መልሰህ እስከ መጨረሻው ክፈትልኝ» አልኩት። ይህ ፈተና ከሁሉ ይበልጣል። ስልኩ የተሰረቀ ወይም የቀድሞ ባለቤቱ የጉግል አካውንት ያልወጣለት ከሆነ፣ ሲጸዳ ብዙ ጊዜ የቀድሞውን አካውንት የይለፍ ቃል ይጠይቃል፤ ያለዚያ አይከፈትም። ሻጩ ጊዜ የለኝም አለ። እኔም አመስግኜ ወጣሁ። ቢከፍትልኝም አልገዛውም ነበር፤ ለዚያ ስልክ የደህንነት ማሻሻያ መምጣት ያቆመው በአውሮፓውያን 2022 ነው፤ ባትሪውም የስድስት ዓመት ባትሪ ነው።

ካገለገለ ስልክ ጋር የሚመጡ ሌሎች መዘዞችም አሉ። ከአሜሪካ የሚመጣው በአገሩ የስልክ ኩባንያ የተቆለፈ ሊሆን ይችላል፤ የእኛን ሲም ሲያስገቡበት የመክፈቻ ኮድ ይጠይቃል። በዱቤ ተሽጦ ክፍያው ሲቋረጥ ከርቀት የሚዘጋም አለ፤ ዛሬ ይሠራል፣ ከወር በኋላ ይቆለፋል። ገንዘብ ያለው ሰው እንዲህ ያለ ኪሣራ ሊሸከም ይችል ይሆናል። የእቁብ ብር ይዤ የወጣሁ እኔ ግን ዋስትና ያለው አዲስ ስልክ መረጥኩ። ወጣት ሆነው፣ ስልክ የሚያውቅ ጓደኛ ይዘው፣ ሻጩን ነገም የሚያገኙት ከሆነ የሁለት ዓመት ዕድሜ ያለው ያገለገለ ስልክ ጥሩ ዕቃ ነው፤ እሱን አልክድም።

በመጨረሻ በሁለት ስልኮች መካከል ቆምኩ፤ ቴክኖ ፖፕ 8 እና ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤ05። የመጀመሪያው ዋጋው ይቀንሳል፣ ፕሮሰሰሩ ቲ606 ነው፣ ስክሪኑ ሲያንሸራትቱት ሳይቆራረጥ ይሄዳል። ሁለተኛው ጂ85 ፕሮሰሰር፣ እውነተኛ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ማከማቻ፣ 6.7 ኢንች ስክሪንና 5,000 ሚሊአምፔር-ሰዓት ባትሪ አለው። ሁለቱም ሁለት ሲም ይቀበላሉ፤ አንዱን ለኢትዮ ቴሌኮም፣ ሌላውን አስፈላጊ ሲሆን ለሳፋሪኮም። ወደ ኤ05 ያደላሁት የደህንነት ማሻሻያው ለዓመታት ስለሚላክለት ነው። እናቴ ገንዘቧን በቴሌብር ነው የምትቀበለው፤ የገንዘብ መተግበሪያ ባለበት ስልክ ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የጣት አሻራ ማንበቢያ የለውም፤ እናቴ ጣቷ ከሥራ ብዛት ሻክሮ አሻራዋ ስለማይነበብ ይህ አላስከፋኝም። የስክሪኑ ጥራት ከፍተኛ አይደለም፤ በአንጻሩ ጥራቱ ዝቅ ያለ ስክሪን ባትሪ ይቆጥባል፣ መብራት ለሚጠፋበት ቤት ይህ ጥቅም ነው።

ከመክፈሌ በፊት ሱቁ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ቆሜአለሁ። ኮከብ፣ መሰላል፣ 06፣ መሰላል መትቼ የወጡትን ሁለት ባለ 15 አኃዝ መለያ ቁጥሮች ካርቶኑ ላይ ካሉት ጋር አንድ በአንድ አመሳከርኩ። ሲፒዩ ዚ የሚባለውን መተግበሪያ ጭኜ የፕሮሰሰሩን ስም አየሁ፤ ኮፒ ስልክ ቅንብሩ ውስጥ የፈለገውን ቁጥር ሊጽፍ ይችላል፣ እንዲህ ባለ መተግበሪያ ግን ብዙ ጊዜ ይጋለጣል። ሲሜን አስገብቼ ባለቤቴን በኢሞ ቪዲዮ ደወልኩላትና ፊቴ እንዴት እንደሚታያት ጠየቅኋት። ከዚያ ስልኩን ይዤ ደጅ ፀሐይ ላይ ልውጣ ስል ሻጩ ትንሽ ከፋው። እናቴ ጠዋት ጠዋት ግቢ ውስጥ ፀሐይ ትሞቃለች፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ሌላ ምርጫ አይሰጥም። ፀሐይ ላይ የማይታይ ስክሪን ለእሷ ግማሽ ቀን የጠፋ ስክሪን ነው። «እንግዲያው አብረን እንውጣ» ብዬው ካርቶኑን ይዞ አብሮኝ ወጣ። ብርሃኑን እስከ መጨረሻ ከፍቼ ፊደሉ ይነበብ እንደሆነ አየሁ። በጣም አያበራም፤ ይነበባል።

ዋጋው 13,500 ተጠራልኝና በ12,900 ብር ተስማማን። የኤ05 ካርቶን ውስጥ ቻርጀር የለም፤ ይህን ቀድሜ ስለማውቅ ገንዘብ አስቀርቼ ነበር። ብዙ ሰው ያለውን ብር በሙሉ ስልኩ ላይ ያውልና መንገድ ላይ የሚሸጥ ቻርጀር በርካሽ ይገዛል፤ እንዲህ ያለው ቻርጀር ባትሪውን ሊጎዳው ይችላል። ደኅና ቻርጀር በ700፣ ከቨርና የስክሪን መስታወት በ350 ብር ገዛሁ። ደረሰኙን ተቀብዬ ከነዋስትና ወረቀቱ ካርቶኑ ውስጥ አኖርኩት። ከ14 ሺሁ 50 ብር ተረፈች።

ሥራው ግን በመግዛት አላለቀም። ደብረ ብርሃን ከመሄዴ በፊት አንድ ምሽት ሙሉ ስልኩን ለእናቴ አዘጋጀሁት። ፊደሉን አተለቅኩ። ከፊት ገጹ ላይ አራት ነገር ብቻ ተውኩ፤ መደወያ፣ ኢሞ፣ ቴሌብርና የእጅ ባትሪው መብራት። የእህቴን፣ የእኔንና የጎረቤቷን ቁጥር ከነፎቷችን አስገባሁ፣ ስማችንን በአማርኛ ጻፍኩ። ቴሌግራምና ኢሞ ፎቶና ቪዲዮ በራሳቸው እንዳያወርዱ ዘጋሁ፤ የመጀመሪያውን ስልክ የገደለው ይህ ሳይዘጋ መቅረቱ ነው። ደብረ ብርሃን ስደርስ ስለ ቴሌብር የሚስጥር ቁጥሯ አንድ ነገር ብቻ አስጠናኋት፤ እኔም ብጠይቅሽ እንዳትነግሪኝ። «አንተንም?» አለችኝ። «እኔንም፣ እማዬ።»

አሁን በየጉዞዬ መጀመሪያ የማየው ማከማቻውን ነው። ባለፈው ለጥምቀት ስሄድ 38 ጊጋባይት ነፃ ነበር። በማግስቱ እሑድ እህቴ ወደ ቤይሩት ከተመለሰች ወዲህ በረጅሙ ስትደውል አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። እናቴ በጥሪው መካከል ስልኩን ከስኳር ዕቃው ላይ አንሥታ አዲስ የተወለደችውን ግልገል ልታሳያት ወደ ግቢ ወጣች። ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። እህቴ ግልገሏን ትታ የእናታችንን ክንድ አየች።

«እማዬ፣ ሹራብሽ ክርኑ ላይ ተቀዷል እኮ።»

«ይህም ታየሽ?» አለች እናቴ፣ ክርኗን ወደ ስልኩ እያቀረበች።